ለጋሽ ንጉሤ ጠመንጃ ቃታ ስመርጥ

ስለ ጠመንጃ አንድም ነገር አላውቅም። አምስት ቃል ነው። ዛሬ እንዲህ በቀላሉ ስጽፈው ያን ጊዜ ከአፌ ለምን እንዳልወጣ ለራሴም ይገርመኛል። አምስቱን ቃል ባለመናገሬ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፤ ደህናውን ትከሻዬን በጨርቅ አንጠልጥዬ ዞርኩ፤ አንድ የተከበሩ አዛውንት በገዛ ቤታቸው ደረጃ ላይ ሲንከባለሉ ቆሜ አየሁ። አሁንም ቢሆን ገና አልተገላገልኩም።

ነገሩ የተጀመረው ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር፣ ጋሽ ንጉሤ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር። ልጃቸውን ሂሩትን የሚጠይቁልኝ ሁለት ሽማግሌዎች ልኬአለሁ። ላክሁ ማለት እንኳ አይቻልም፤ ይዣቸው ሄጃለሁ። በደንቡ ጠያቂው ራሱ በዚያ ቀን ከቤቱ አይወጣም ነበር፤ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱም መኪና አልነበረውምና ሾፌር ሆኜ ገባሁ። ካደረስኳቸው በኋላ መኪና ውስጥ ልጠብቅ ብል ውጪው ብርድ ነው፤ ጋሽ ንጉሤም በመስኮት አይተውኝ ግባ አሉ። የገዛ ጉዳዬ ሲመከር ጥግ ላይ ተቀምጬ እንደማይመለከተው ሰው ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

ጋሽ ንጉሤን ካልጋሪ ውስጥ የማያውቅ አበሻ የለም። እዚህ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ ግን ፈረንጅ አዳኞችን ወደ ባሌ ተራሮች ይዞ ከሚወጣ ድርጅት ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። የደጋ አጋዘን ያደኑበትን ታሪክ ያልሰማ ሰው ከተማው ውስጥ ቢኖር ትናንት የመጣ ነው። እኔ እንኳ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አጋዘኑ በሰማሁት ቁጥር ቀንዱ ይረዝማል።

ሽማግሌዎቹ የሚባለውን ሁሉ በወጉ ብለው ሲያበቁ ስለ ጥሎሽ ጠየቁ። ጋሽ ንጉሤ ወርቅም ልብስም አልፈልግም ብለው እጃቸውን አወናጨፉና ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ሲፈቱት እንጨት ነው፤ ጅማቱ የሚያምር፣ ጥቁር ቡናማ፣ ዋልነት የሚባል እንጨት። ከካልጋሪ ወደ ደቡብ፣ ኦኮቶክስ በምትባል ከተማ የሚኖር ዋልተር የሚባል ጠመንጃ ሠሪ ወዳጅ እንዳላቸው ነገሩን፤ የሰውዬው ሟች ሚስት እሳቸው በሚያጸዱት ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። እንጨቱን ለሰደፍ የሰጣቸው እሱ ነው። አፈሙዙም ተዘጋጅቷል። የመሣሪያ ፈቃዱንም ሂሩት ፎርም ሞልታላቸው በስማቸው ወጥቷል። ጡረታ ሲወጡ እንደ ድሮው አደን ሊወጡ ነው። የቀረው ቃታው ብቻ ነበር፤ ዋልተር ዓይነቱን ምረጥ ብሏቸዋል።

«ለመሆኑ ከመካከላችሁ ስለ ቃታ የሚያውቅ ሰው አለ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ሳህናቸው አዩ። ሂሩት ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ «እኔ አውቃለሁ» ሲል ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ማን እንደሆነ ባይ ራሴው ነኝ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። በቤታችን ጠመንጃ የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ አደገኛው መቀስ ነው። ግን አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ልጃቸውን የምትጠይቃቸው ሰው፣ ዐይን ዐይንህን እያዩ ሲጠይቁህ አላውቅም ማለት በሰው ቤት ምግብ አልበላም እንደ ማለት ሆኖ ታየኝ። ጋሽ ንጉሤ በረዥሙ ተነፈሱ። ያን ትንፋሽ የወሰድኩት እንደ አድናቆት ነበር።

«እንግዲያው ጥሎሹ ይሄው ነው» አሉ። «ቃታውን አንተ ትመርጥልኛለህ። ጠመንጃው ተሠርቶ ያለቀ ዕለት የሰርጉን ቀን እንቆርጣለን።»

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው መረቁ። ስወጣ ሂሩት በሩ ላይ ያዘችኝ። በአሥር ዓመቷ ነው ካልጋሪ የመጣችው፤ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፤ ፊት ለፊት ትናገራለች። «ጠመንጃ ታውቃለህ እንዴ? ኔቨር ነግረኸኝ አታውቅም» አለች። ያልነገርኩሽ ብዙ ነገር አለ አልኳት። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

ቃታ ስል ጣት የሚስበውን ምላጭ ማለቴ አይደለም፤ ይህንንም ያወቅኩት በኋላ ነው። ቃታ ከላይ ያለው፣ እጄታ ያለው ብረት ነው። ወደ ኋላ ሲሳብ ባዶውን ቀለህ ይተፋል፤ ወደ ፊት ሲገፋ አዲሱን ጥይት ያጎርሳል፤ እጄታው ወደ ታች ሲደፋ ይቆልፋል። የሚያውቁ ሰዎች የጠመንጃው ልብ እሱ ነው ይላሉ። እኔ ያኔ ልቡ ይሁን ጉበቱ የማውቀው የለኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሮጌ መኪናዬን እየለመንኩ በሃይዌይ ቱ ኤ ኦኮቶክስ ወረድኩ። ዋልተር ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ዘይት የጠገቡ ሽማግሌ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው መሥሪያ ክፍሉ አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፎ ሰባት ቃታ ደርድሮ ጠበቀኝ። ሰባቱ በምን እንደሚለያዩ ለማየት ዐይኔን አጠበብኩ። ለእኔ ሰባቱም የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ናቸው።

ዋልተር አንድ በአንድ እያነሣ ማስረዳት ጀመረ። እኛ አበሾች ደግሞ የሚነገረንን እየሰማን መሆናችንን የምንገልጸው አየር በአጭሩ ወደ ውስጥ እየሳብን ነው። እሱ አንድ ነገር ባለ ቁጥር እኔ እስባለሁ። ሦስተኛው ቃታ ላይ ሲደርስ ንግግሩን አቋረጠና ወንበር አመጣልኝ፤ ቀጥሎም ውሃ። አስም እንዳለብኝ ጠየቀኝ። የለብኝም ብል የሚቀጥለውን ማስረዳት ሊጀምር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ አልኩት።

ከዚያ ወደ ጥያቄው ገባ። ረዥም ይሁን አጭር? ከአሮጌ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ የወጣ ይሁን ወይስ አዲስ? ጥይቱን በትልቅ ጥፍር ጨብጦ የሚያስገባው ይሁን ወይስ ከኋላ እየገፋ የሚያስገባው? እንዳይባርቅ የሚይዘው መጠበቂያ ሁለት ቦታ ይቁም ወይስ ሦስት? ለሁሉም ላስብበት አልኩ። በመጨረሻ ሰውዬው ቀኝ እጅ ነው ወይስ ግራ ብሎ ጠየቀኝ፤ የቃታው እጄታ የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና። በዚህ ጥያቄ እንዲያውም ትንሽ ተቆጣሁ። ከጋሽ ንጉሤ ጋር በየእሑዱ አንድ ገበታ ላይ በልቻለሁ። በቀኛቸው ይቆርሳሉ፣ በቀኛቸው ያጎርሳሉ፣ በቀኛቸው ይጨብጣሉ። በእኛ ዘንድ አንድ የተከበረ ሽማግሌ በግራ እጁ ለሰው ምንም ነገር አይዘረጋም ብዬ ደረቴን ነፍቼ አስረዳሁት። ዋልተር ቀኝ ብሎ ጻፈ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያለ ማመንታት የመለስኩት እሱን ብቻ ነው።

ያን ሳምንት ምክር ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው አማካሪዬ ደምሰው ነበር፤ ራንድል ሰፈር አብረን የምንኖር ጓደኛዬ። ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበርኩ ይላል። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ጠየቅኩት። የውጅግራን፣ የምንሽርን፣ የቤልጅግን፣ የአልቤንን ስም እንደ ዳዊት ደገመልኝ። ኋላ ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ዘጠኙን ዓመት መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ የመሣሪያ ዝርዝር በታይፕ ሲመታ እንደኖረ ተናዘዘ። ስማቸውን ሁሉ ያውቃል፤ መልካቸውን ግን አያውቅም።

ወሬው ደግሞ ወጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ሰዎች ይከቡኝ ጀመር። ካልጋሪ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ ለካ የጠመንጃ ሊቅ ነው። አንዱ አጭሩ ይሻላል ይላል፤ አንዱ አጭር ቃታ ያለው ጠመንጃ ይዞ ከማን ፊት ይቀርባሉ ይላል። አንዱ ደግሞ የአያቱን ጠመንጃ ሊገልጽልኝ ሲል ጃንጥላውን እንዲህ ነበር እያለ ሲስብ ሲገፋ ሰበረው። እኔ ሁሉንም አዎን፣ ልክ ነው እላለሁ፤ ማስቀየም አልችልም። በወሩ መጨረሻ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ምክራቸውን የተቀበልኳቸው እየመሰላቸው በየአዳራሹ ያመሰግኑኛል።

እቤት ደግሞ ልምምድ ጀመርኩ። ዋልተር ፊት እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ የመታጠቢያ ቤቱን በር መቀርቀሪያ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች ማለት ልምድ አደረግኩ። አንድ ቀን ደምሰው ውስጥ እያለ ከውጪ ስለማመድ መቀርቀሪያው ተነቀለ፤ ሰውዬው ሥራ ረፈደበት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም፤ የቤት አማካሪዬንም አጣሁ።

ስድስት ቅዳሜ ኦኮቶክስ ተመላለስኩ። ዋልተር ትዕግሥቱ አያልቅም፤ ቡና በማሽን አፍልቶ ሰባቱን ደርድሮ ይጠብቀኛል፤ እኔም አንሥቼ እመዝናለሁ፣ በብርሃን አያለሁ፣ አንዴ ደግሞ ምን እንደነካኝ አላውቅም አሸተትኩ። በስድስተኛው ቅዳሜ መከራዬ በሌላ መንገድ አበቃ። ዋልተር ከኋላ የሚገፋውን ቃታ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ላይ ገጥሞ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ፊቱ አደረገና ጠመንጃውን ገለበጠው፤ ጥይቱ ወድቆ ጠረጴዛ ሥር ተንከባለለ። በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ የብረት ፍርፋሪ እጄን እየወጋኝ፣ አሥር ደቂቃ ስፈልገው ቆየሁ። ከዚያ ባለ ጥፍሩን አሮጌ የጀርመን ቃታ እንደዚያው ገለበጠው። ጥፍሩ ጥይቱን ከጫፉ ጨብጦ ያዘው፤ አልወደቀም። ከወለሉ ላይ ሳልነሣ ይሄኛው ይሁን አልኩ። ምክንያቴ ሌላ ጥይት አልፈልግም የሚል ብቻ ነበር።

ለጋሽ ንጉሤ ግን እንዲህ አልነገርኳቸውም። ይህ ቃታ ጥይቱን አንዴ ከጨበጠ አይለቅም ብዬ በሊቅ ድምፅ አስረዳኋቸው። እሳቸው ዐይናቸው እንባ አቀረረ። አንዴ ከጨበጠ አይለቅም እያሉ ለጎረቤት፣ ለቄሱ፣ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሳይቀር ነገሩ። አማችነቱ እንደ ተፈጸመ ቆጠርኩት።

ዋልተር ክረምትና በጋ ሠርቶ በጥቅምት ጨረሰ። መቼም ጠመንጃው ሲያዩት የሚያስለቅስ ነበር። እንጨቱ በዘይት ታሽቶ ከውስጡ የሚበራ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ከከተማ ውጪ ወደሚገኝ የመተኮሻ ሜዳ ሄድን። ጋሽ ንጉሤ ከራቫት አስረዋል። በአክብሮት ባለቤቱ ይጀምር አልን፤ ጋሽ ንጉሤ ግን የሠራው ሰው ይቅደም አሉ። ዋልተር ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሦስቱንም በአንድ የሻይ ስኒ ስፋት ውስጥ አሳረፈ። ከዚያ መራጩ ይተኩስ ብሎ ወደ እኔ ዘረጋ። እኔ ትከሻዬን ሥራ ቦታ ምንጣፍ ሳነሣ ወለም ብሎኛል አልኩ። ምንጣፍ መጋዘን ስለምሠራ ውሸቱ ሩቅ አላስኬደኝም።

ተራው የጋሽ ንጉሤ ሆነ። ጠመንጃውን ተቀበሉ፣ ሰደፉን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ አነሡና ግራ ትከሻቸው ላይ አስደገፉ።

ግራ ትከሻቸው ላይ። ግራ እጃቸው ወደ ቃታው ሄደ፤ እጄታ የለም። ጣቶቻቸው በጨለማ መብራት ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው ብረቱ ላይ ተንከራተቱ። እጄታው በዚያኛው በኩል፣ በቀኝ፣ እኔ በኩራት ባስወሰንኩበት ቦታ ተቀምጧል። ዋልተር ወደ እኔ አየ። ሰውየው ለካ ግራኝ ናቸው። ልጅ ሳሉ በአለንጋ ተገርፈው በቀኛቸው መብላትና መጻፍ ለምደዋል፤ ሰው ፊት የሚያደርጉት ሁሉ በቀኝ ነው። የቀረው ሰውነታቸው ግን እንደ ተፈጠረ ነው፤ እኔ የማውቀው ደግሞ ገበታ ላይ ያለውን እጃቸውን ብቻ ነበር።

ጋሽ ንጉሤ ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉ፣ ትንሽ አሰቡና ወደ ቀኝ ትከሻቸው አዛወሩት። አምስት ጊዜ ተኮሱ። ወረቀቱን አንዷም አልነካችውም። አራተኛዋ የት እንደሄደች እስካሁን አይታወቅም። ሲጨርሱ ጠመንጃውን በክብር አስቀምጠው «ቃታው ጥሩ ነው» አሉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ነው የተናገርኩት። በመጨረሻ እሳቸው ጀመሩ። ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም አሉ፤ ዐይናቸው ነው የደከመው። እኚህ ደግ ሰው እኔን ላለማሳፈር የገዛ ዐይናቸውን ሲወነጅሉ ዝም ብዬ እሰማለሁ? የሚያሳዝነው ዝም እንኳ አላልኩም። ይልቅስ እኔው ራሴ ሐኪም ዘንድ እወስድዎታለሁ አልኩ።

ወሰድኳቸው። የዐይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ መስታወት እየቀያየረች የትኛው ይሻላል ትላለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ጋሽ ንጉሤ የመጀመሪያውም ጥሩ ነው፣ ሁለተኛውም ጥሩ ነው ይላሉ፤ ከመስታወቶቹ አንዱንም ላለማስቀየም። ፊደሎቹን ሲያነቡ ደግሞ በደንብ የሚታያቸውን ትልቁን የእንግሊዝኛ ኢ አይተው ላብ አጠመቃቸው። ጆሮዬ ሥር «የትኛውን ልበል?» አሉኝ። ለእኔ ሲሉ የሚከፍሉት መሥዋዕትነት አንጀቴን በላው። ሐኪሟ ግራ ገብቷት የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አዘዘች።

ከዚያ ወዲያ የኖርነውን ኑሮ አታንሡብኝ። ጋሽ ንጉሤ መነጽራቸውን እንደ ታቦት ያከብሩታል፤ እኔ ባለሁበት አያወልቁትም። ደረጃ ሲወርዱ ጥልቅ ውሃ እንደሚሻገር ሰው በእግራቸው ይዳስሳሉ። አንድ ቀን ዳስሰው ሦስት ደረጃ በአንዴ ወረዱ። ሻይ ሲቀዱ እንግዳው ጉልበት ላይ ይቀዳሉ። ከቤታቸው ሲወጡ የጎረቤትን የቆሻሻ በርሜል በመኪና ገጭተው ወርደው ይቅርታ ጠየቁት፤ በርሜሉን ማለቴ ነው። እኔም ወለም አለኝ ያልኩትን ትከሻ ሂሩት ሰምታ በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው፤ መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ አታንሣ ተባልኩና ከሰል የመሰለ ሻይ እየጠጣሁ ስልክ መመለስ ሆነ ሥራዬ። እሑድ እኔና ጋሽ ንጉሤ ጎን ለጎን ቅዳሴ ስንቆም ያየ ሁሉ ጠመንጃው ነው ወይ እንዲህ ያደረጋችሁ ይለናል።

አንድ ቀን ሂሩት ሥራ ቦታዬ መጣች። ዐይኗ አብጧል። «አባዬ ዐይኑ እየጠፋ ነው» አለች። «ስፔሻሊስት ሪፈር አድርገውታል። ኦፕሬሽን ሊያስፈልገው ይችላል። ሰርጉን ፖስትፖን እናድርገው፣ እኔ አባቴ ሳያየኝ አላገባም።» ከዚያ በተንጠለጠለው ክንዴ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ያመመኝ ትከሻዬ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ነው።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ንጉሤን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩን አጠፋሁና መውረድ አቃተኝ። ዐይን የሚቀደው ሐኪም እዚያ ሕንጻ ውስጥ ተቀምጧል። እሳቸው ቀበቷቸውን ፈትተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ የበር እጄታ ሲፈልጉ የሬዲዮውን ቁልፍ ነቀሉት። ያን ጊዜ ጨርቁን ከአንገቴ አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ስለ ጠመንጃ ምንም አላውቅም» አልኩ። «ነክቼም አላውቅ። ግራኝ መሆንዎንም አላወቅኩም። ያን ቀን ቤትዎ ዋሽቼ ነው። ዐይንዎ ደህና ነው፣ ለእኔ ብለው አይቀደዱ።»

ሂሩትን እንዳጣኋት ገባኝ። ደህና አድርጎ የጨበጠኝ ሀዘን ነበር፤ ከአሁኑ እዚያው መኪና ውስጥ ናፈቀችኝ። ጋሽ ንጉሤ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፣ አጠፉ፣ ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ዐይናቸውን በሁለት እጃቸው አሹ።

«ለአንተ ብዬ አይደለም» አሉ።

ከመስታወቱ ውጪ ያለውን በረዶ እያዩ ቀጠሉ።

«ፈረንጆቹ ተኩሰው ሲጨርሱ ጠመንጃውን ለእኔ ከመስጠታቸው በፊት ቃታውን ነቅለው ኪሳቸው ይከቱት ነበር። አያምኑንማ። ሰደፉን የምወለውል፣ አፈሙዙን የምጠርግ፣ ተራራውን ተሸክሜ የምወጣው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጠመንጃ ተሸክሜአለሁ፤ ቃታ ያለው ግን አንድ ቀንም አልተሸከምኩም። ተኩሼም አላውቅ፤ ያን ዕለት ከአንተ ጋር ነው የመጀመሪያዬ።»

ያ ሁሉ አጋዘን፣ ያ ሁሉ ቀንድ። ዋልተር ምረጥ ሲላቸው ጨንቋቸው ኖሯል። እኔ አውቃለሁ ስል ከሰማይ የወረድኩ መልአክ መስያቸው ነበር፤ ያ ረዥም ትንፋሽ ከዚያ የመጣ ነው። ግራው ይሁን ቀኙ ለእሳቸው ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም፤ በሁለቱም መተኮስ አይችሉም። ሁለታችን በአንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ዓመት ሙሉ አንዳችን ሌላውን ስንፈራ እንደኖርን ሳስብ ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ሳያለቅሱ ቀሩ ማለት አልችልም።

ሐኪሙ ዘንድ አልገባንም። ቀበቷቸውን መልሰው አስረው «ሂሩት ግን እንዳትሰማ» አሉ። «አባቷ አዳኝ ነው ብላ ነው ያደገችው። እዚህ አገር መጥቼ መጥረጊያ ስይዝ እንኳ ልጄ የምታየኝ እንደዚያ ነው።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከአንዱ ውሸት በወጣሁ በአምስት ደቂቃ ከሚበልጠው ገባሁ፤ ያውም ከማገባት ሴት ጋር ዕድሜ ልክ የምኖርበት። መነጽሩ ነው የተሳሳተው አልናት። የደብዳቤ ወረቀት አውጥታ ያቺን ምስኪን ሐኪም ልትከስ ነበር፤ ስንት ለምኜ ነው ያስተውኳት።

ሰርጉ በጥር ሆነ። እኛም አዳኞች ሆነን ቀረን። በየመኸሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃውን ከነማኅደሩ ይዘን አንድ የዋልተር ወዳጅ እርሻ ዳር እንሄዳለን። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ሂሩት የቋጠረችልንን እንበላለን፤ ጋሽ ንጉሤ ሰደፉን በዘይት ያሻሉ፤ ማታ እቤት ነፋሱ አልተመቸንም እንላለን። አንድ ጊዜ አንድ አጋዘን ከጫካው ወጥቶ ከመኪናችን ፊት ቆመና አየን። ጋሽ ንጉሤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ሂድ ልጄ፣ ሰው ያይሃል» አሉት። ቀስ ብሎ ሄደ።

ባለፈው እሑድ ገበታ ላይ ተቀምጠን ሂሩት የገፋ ሆዷን ይዛ ወደ ሁለታችን አየች። ደስ ብሏታል፤ ደስ ሲላት ታስፈራኛለች። «ሥራ ቦታ ለሁሉም ነግሬያለሁ» አለች። «ማይ ኪድ በሁለቱም ወገን አዳኝ ነው ብያቸዋለሁ። ሲያድግ አንተና አባዬ ታስተምሩታላችሁ፣ ራይት?»

ጋሽ ንጉሤ «እንዴታ» አሉ። እኔም እንዴታ አልኩ።

እሷ ሳህን ልታነሣ ስትገባ ጋሽ ንጉሤ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ፤ የልጃቸውን ጀርባ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለዋልተር ደውልለት። መተኮስ ያስተምር እንደሆነ ጠይቀው። የሚማረው ማን እንደሆነ ግን አትንገረው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።